የረቡዕና የዓርብ ትሪ

ቢሯችን የሚሠራው ረቡዕና ዓርብ ነበር። በቀሩት ቀናት ሰው ይገባል፣ ይፈርማል፣ ይወጣል፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል። ሥራ የሚባለው ነገር የሚያልቀው ግን በእነዚያ በሁለቱ ቀናት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ከምናምን ፈጀብኝ። እኔ ደግሞ ነገር ቶሎ የሚገባኝ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር።

የተወለድኩት አዋሽ ነው። አባቴና እናቴ ከወሎ ለሥራ ወርደው እዚያው ቀሩ፤ እኔም እዚያው ተማርኩ፣ እዚያው አገባሁ። ሙያዬ ፍሪጅ መጠገን ነው፤ የሰው ቤት ፍሪጅ ሳይሆን በየጤና ጣቢያው ክትባት የሚቀመጥበትን። ፍሪጁ ከሞቀ ክትባቱ ይበላሻል፤ በአፋር ሙቀት ደግሞ ፍሪጅ ለመሞቅ ሰበብ አይፈልግም። ያኔ አዋሽ ላይ ለሙያዬ የሥራ መደብ አልነበረም። ሰመራ ጤና ቢሮ ክፍት ቦታ ሲያወጣ ተወዳደርኩ፣ አለፍኩ። ቤት የተከራየሁት ከሰመራ አለፍ ብላ ያለችው ሎጊያ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር በሰርቪስ እገባለሁ።

ልጄን አዋሽ ትቻት ነው የሄድኩት። ስድስት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ ወደብ፣ ነገ ሞጆ። እኔም ፊልድ ከወጣሁ መንገድ ላይ አድራለሁ። በዚህ መሀል ልጅ የት ይቀመጣል? አማቴ፣ «እኔ ጋ ትሁን፤ አንድ ዓመት ምን አላት» አሉ። እኔም አንድ ዓመት ምን አላት አልኩ። አዋሽ ላይ መደቡ ሊከፈት ነው ይባል ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ አንድ ነበር፦ በደንብ እሠራለሁ፣ ጥሩ ውጤት አገኛለሁ፣ ዝውውር ጠይቄ ወደ ልጄ እመለሳለሁ።

ፍሪጅ ለመጠገን ሁለት ነገር ያስፈልገኛል፤ መኪናና መለዋወጫ። መኪናው ያለው ስምሪት ክፍል ነው፤ መለዋወጫው መጋዘን። ለሁለቱም መጠየቂያ እሞላለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ አስገባለሁ፣ እጠብቃለሁ። የስምሪት ኃላፊው በዕድሜ የገፉ፣ ድሮ ሹፌር የነበሩ፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ቢሮ የተቀመጡ የአሳይታ ሰው ናቸው። ጠዋት ስገባ ሰላምታዬን በደንብ ይቀበላሉ፤ ጤናዬን ይጠይቃሉ፣ የቤተሰቤን ደኅንነት ይጠይቃሉ፣ ከዚያ «መኪና የለም ልጄ» ይሉኛል። መጋዘን ያሉት ሴትዮ ደግሞ እትዬ እንላቸዋለን፤ ጎጃሜ ናቸው፣ ቁልፉን በአንገታቸው ነው የሚያንጠለጥሉት። እሳቸው ጤናም አይጠይቁም። «ነገ ነይ» ይላሉ፤ ያ ነገ ሲመጣም «ነገ ነይ» ነው።

እኔም ኩሩ ነኝ። ምሳዬን በምሳ ዕቃ ቋጥሬ እመጣለሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እበላለሁ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ ስሰማ፣ «እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የሚበሉት ለወሬ ነው» እላለሁ በልቤ። በዓመቱ መጨረሻ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ሲወጣ ከክፍሉ የመጨረሻዋ ሆንኩ። ከእኔ በላይ የሆነው አንድ ባልደረባዬ የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር፤ እሱ ግን በወር ውስጥ ዱብቲም ደርሶ፣ ሰርዶም ደርሶ ይመለሳል። የዝውውር ጥያቄዬን «ውጤትሽ አነስተኛ ነው» ብለው መለሱልኝ። ልጄ በስልክ «መጣሽ?» ስትለኝ «ትንሽ ቀረኝ» አልኳት። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ማንን እንደምቆጣ ስላላወቅሁ ደግሞ ይብስ ተናደድኩ።

አንድ ረቡዕ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ ክፍሉ ምድጃ ሆነ፤ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ጥላ ፍለጋ ወጣሁ። ከቢሮው ጀርባ አንድ ቆርቆሮ ለበስ ምግብ ቤት አለ። ስገባ የማየው ምንድን ነው? አንድ ትልቅ የጾም በያይነቱ ትሪ፤ ዙሪያውን የስምሪቱ ሰውዬ፣ እትዬ፣ ከፋይናንስ፣ ከዕቅድ፣ ሹፌሮች፣ ያ መልቲሜትር የማያውቀው ባልደረባዬም። የስምሪቱ ሰውዬ ቀዩን ምስር በእንጀራ ጠቅልለው ለሱ እያጎረሱ፣ «ነገ ወደ ሰርዶ የምትሄድ መኪና አለች፤ ሁለት ሰዓት ላይ ውጣ» ይሉታል። ለእኔ በዚያው ጠዋት የለም ያሏት መኪና ናት።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው ቀና ሲሉ አዩኝ።

«ነይ ልጄ፣ ቢስሚላህ በይ።»

«ይዣለሁ ጋሼ» አልኩ ምሳ ዕቃዬን ከፍ አድርጌ። ድምፄ ላይ ንዴቱ ሳይሰማ አልቀረም።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ሩዝ በሥጋ።»

«ሥጋውን እዚያው ተይው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እትዬ ይጾማሉ። አንቺ ራስሽን ይዘሽ ነይ።» ሰው ሳቀ፤ ቦታም ለቀቁልኝ።

ተቀመጥኩ። ለምን እንደተቀመጥኩ ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት ሙቀቱ ነው። የተቆጣሁትን ግን አልዋጥኩትም። «ጋሼ፣ መጠየቂያ ያስገባሁት እኮ ከሱ በፊት ነው» አልኳቸው በሰው ፊት።

ሰውዬው አልደነገጡም። «ወረቀትማ ከሁሉም ሰው ይመጣል፤ ወረቀት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እኔ የምልከው መኪና ብቻ ነው እንዴ? ሹፌርም ነው። በረሃ ላይ ጎማ ቢፈነዳበት አብራው የሄደችው ሴት ከጎኑ ትቆማለች ወይስ ደውላ ትከሰዋለች? ይህን በምን አውቃለሁ? አንቺ እንደሆንሽ በርሽን ዘግተሽ ትበያለሽ።»

እትዬም ሽሮውን እየጠቀለሉ፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉና አጎረሱኝ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ የእትዬ ጉርሻ እንኳን ሊያስጨንቅ ሊገድል ትንሽ ነው የቀረው። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ዋጥኩት። በማግስቱ ያቺ መኪና ሁለታችንንም ጭና ወደ ሰርዶ ወጣች።

የረቡዕና የዓርቡን ነገር የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ግማሻችን ሙስሊም፣ ግማሻችን ክርስቲያን ነን። ሥጋ ሲሆን ሁሉም የየራሱን እርድ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ በሌሎቹ ቀናት አንዱ ወደ አንዱ ምግብ ቤት፣ ሌላው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ስምሪትና መጋዘን በምሳ ሰዓት አይገናኙም። ክርስቲያኖቹ በሚጾሙባቸው በእነዚህ ሁለት ቀናት ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ መብላት ይችላል። ሽሮ ሃይማኖት የለውም። በዚያ ትሪ ዙሪያ የመኪናው ሰው፣ የመለዋወጫው ሰውና የአበሉ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በሌሎቹ ቀናት በወረቀት የማይሆነው ሁሉ በአንድ ምሳ ላይ ይሆናል።

ደግሞ ወሬው! እኔ ወሬ ብዬ የናቅሁት ማለት ነው። አፋር ሲገናኝ መጀመሪያ ዳጉ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብሎ ወሬውን ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ የሚነገረውም እውነት መሆን አለበት። ጋሼ ይህን ትሪው ላይም አይተዉትም። ሹፌሮቹ በየተራ ያወራሉ፤ የትኛው መንገድ ጎርፍ ቆረጠው፣ የየትኛውን ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ሶላር አቧራ ዋጠው፣ የየትኛው ፍሪጅ ድምፅ ተለወጠ። ሪፖርቱ ለእኔ የሚደርሰኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ትሪው ግን በሳምንቱ ይነግረኛል። ፍሪጅ ሳይሞት በፊት መድረስ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተደራረቡ። ቀን ቀን እኛ ሙስሊሞቹ ምንም አንቀምስም፤ እነሱም ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም። ትሪው ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልቀረም፤ ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ዞረ። እትዬ የምስር ሳምቡሳ እየጠበሱ ያመጣሉ፣ እኛ ተምር እናመጣለን። ክርስቲያኖቹም አዛን እስኪል ድረስ ምግቡን እያዩ የሚጠብቁት ከእኛ እኩል ነው። በየቀኑ ጾም፣ በየቀኑ ትሪ! እንደዚያ ወር ተሠርቶ አያውቅም።

ችግሩ የመጣው በፋሲካ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። እትዬ ወደ ክርስቲያን ሥጋ ቤት፣ ጋሼ ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ መኪና አገኛለሁ፣ መለዋወጫ ግን የለም። ባዶ እጄን ሄጄ ፍሪጅ ምን ልለው ነው? ወቅቱ ደግሞ ሙቀቱ የሚበረታበት፣ የበጀት ዓመቱም የሚዘጋበት ነው። ውጤቴ በእጄ ላይ ሊበላሽ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ ለልጄ ዘንድሮ እመጣለሁ ብያታለሁ።

መላውን ያገኘሁት ዱብቲ ነው። አንድ ሰው እዚያ አቅራቢያ ካለው ግድብ ያጠመደውን ዓሣ በመንገድ ዳር ይሸጣል። ቆም ብዬ አየሁትና ለብቻዬ ሳቅሁ። ዓሣ አይታረድም፤ የሚባረክ አንገት የለውም፤ የማን እርድ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ረቡዕ ዕለት ባለምግብ ቤቷን ለምኜ አስጠበስኩና ሁለቱንም ወገን ጠራሁ። እትዬ «እሾሁ» እያሉ፣ ጋሼ «ሽታው» እያሉ በሉ። ማጠቢያው ጋ ሳንደርስ እትዬ «ያን የሶላር ዕቃ ነገ ጠዋት ውሰጂ» አሉኝ። ሃምሳውን ቀን በዓሣ ዘለቅነው።

ውጤት ወጣ። ከክፍሉ አንደኛ ሆንኩ። አዋሽ ላይም መደቡ ተከፍቶ ማንም አልያዘውም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ማመልከቻዬን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ኃላፊያችን ጨዋ ሰው ነው፤ አንብቦ ሲጨርስ ግን ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«አንቺንማ አልለቅም። ያለ አንቺ ይህ ሥራ አይሄድም። ሁሉም ሰው ነው የሚለኝ።»

«ማነው ሁሉም ሰው?»

«ስምሪት ትይ፣ መጋዘን ትይ፣ ሹፌሮቹ ትይ። ከእሷ በፊት ፍሪጅ የሚባል ነገር አይሠራም ነበር አሉኝ።»

በቀጥታ ትሪው ጋ ሄድኩ። ረቡዕ ነበር። ኃላፊው ያለኝን ስነግራቸው ጋሼ፣ «እኛ እኮ ውጤትሽ ከፍ እንዲል ብለን ነው» አሉ። እትዬ መጎናጸፊያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። የምዘናው ሰሞን እያንዳንዳቸው በየተራ ኃላፊው ቢሮ ገብተው፣ አንዱ ካንዱ እየበለጠ፣ አሞግሰውኝ ወጥተዋል። ለወዳጅ ማድረግ ያለባቸውን ነው ያደረጉት። የጠቀሙኝ መስሏቸው አሰሩኝ። ያልሠራ አይዛወርም፣ የሠራ አይለቀቅም፤ መሀሉ የት እንዳለ የሚያሳየኝ አጣሁ። ልቅሶዬን መያዝ አቃተኝ፤ ልጄ ከሄድኩ ወዲህ ሁለት ጥርሶቿ ወልቀው እንደበቀሉ፣ አንዱንም እንዳላየሁ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው» አሉ ጋሼ እንባዬ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ «ያለ አንቺ የሚሄድ ማድረግ ነዋ።»

በክፍላችን ከእኔ በኋላ የተቀጠረ፣ እንደ እኔ ፍሪጅ የሚጠግን አንድ አፋር ባልደረባ ነበረ። ሥራ አይወድም ይባላል፤ ፊልድ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ የተቆለሉትን መጠየቂያዎች ሳይ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አየሁ። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው ከሚያወሩት ከጋሼ መኪና ያላገኘ ሰው! ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። በምሳ ሰዓት ወደ እህቱ ቤት ሄዶ የግመል ወተት ይጠጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«ከእኛ ጋር ና» አልኩት።

«ሽሮ? ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ ትበላላችሁ፤ እኔ ልጅ ሆኜም እንዲህ አልራበኝም።»

«ዓሣስ?»

«እሱማ ከእባብ በምን ይለያል?»

እሱን ትሪ ላይ ማስቀመጥ ከማንኛውም ፍሪጅ ይልቅ አስቸገረኝ። ወተቱን ይዞ ይምጣ እንዳንል እትዬ በጾም ቀን ወተት አጠገባቸው ሲጠጣ አይወዱም፤ እሱም ሰው ፊት ብቻውን አይጠጣም። በመጨረሻ ጋሼ፣ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገረውን ሰፊ ዳቦ ከሎጊያ አስመጥተው ከተምር ጋር በአንዱ ጥግ አስቀመጡለት። ይህን እሱም ይበላል፣ ጿሚም ይበላል። መጀመሪያ ቀን ዳቦውን ቆርሶ ዝም ብሎ በላ። በሚቀጥለው ዓርብ ዳጉውን ሲጀምር ግን ማን ያስቁመው? በየቀበሌው ዘመድ አለው፤ እኛ ስሙን የማናውቀው ቦታ ያለ ፍሪጅ ሁሉ እሱ ያውቀዋል። ጋሼ መኪና ሰጡት፣ እትዬ ዕቃ ሰጡት፤ እኔ ሆን ብዬ ቢሮ እየቀረሁ እሱ ይወጣል። ወሮች እንዲህ ሄዱ። እየተመለሰ የሠራውን ሲነግረኝ እኔ ደስ እያለኝ፣ ትንሽም እየከፋኝ እሰማው ነበር።

በዓመቱ ኃላፊው አስጠራኝ። ማመልከቻዬ ፊቱ ነበር።

«አሁን ያለ አንቺም ይሄዳል» አለና ፈረመ።

ስለምነው የኖርኩት ቃል ነው። ሲናገረው ግን እንዳሰብኩት ደስ አላለኝም፤ አመስግኜ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ለካ ተፈላጊነቱን እንዲህ ይወዳል።

ዕቃዬን የጫነልኝ ባለቤቴ ነው፤ ከጂቡቲ ሲመለስ ሎጊያ ቆሞ ፍራሼንና ሳጥኔን ከጭነቱ አናት ላይ አሰረው። ቀኑን ሙሉ ተጉዘን አዋሽ ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልጄ በር ላይ ነበረች። ቁመቷ ትከሻዬ ሊደርስ ነው። ሳመችኝ፤ ከዚያ ዕቃው ሲወርድ ቆማ ታየው ጀመር።

«ይህ ሁሉ ለስንት ቀን ነው?»

«ለሁልጊዜ ነው። ከእንግዲህ አልሄድም።»

አላመነችኝም መሰለኝ፤ አያቷን ዞር ብላ አየቻቸው። አማቴ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እሷ ግን ሌላ ነገር አስጨንቋታል።

«ፍሪጁንስ ማን ይሠራዋል? አያቴ እኮ እናትሽ ያለ እሷ ሥራው ስለማይሄድ ነው የማትመጣው ብላኛለች።»

አማቴ ለማጽናናት ያሉት ነው፤ በክፋት አይደለም። ሲያሞግሱኝ ነው የኖሩት፣ ልክ እንደ ትሪው ሰዎች። የልጄን እጅ ይዤ፣ «ሌላ ሰው አለ፤ አሁን ያለ እኔም ይሄዳል» አልኳት።

አሰበች። እጇን ከእጄ አላወጣችም።

«ያለ አንቺ የሚሄድ ከሆነ» አለችኝ፣ «ታዲያ ለምን ቶሎ አልመጣሽም?»